የሰው እህል

«ወደ ጎን! ወደ ጎን አዙሪው፣ እንዳያንቀው!»

አባቷ እጁ የሳሙና አረፋ እንደለበሰ ከጓሮ ሮጦ ሲገባ፣ ልጅቷ በአንድ እጇ የወንድሟን ግንባር፣ በሌላው ሳፋውን ይዛ ነበር። ከትንሹ ልጅ ሆድ የሚወጣ ነገር ካለቀ ቆይቷል፤ የቀረው ሰውነቱን እንደ ታጠበ ልብስ የሚጠመዝዘው ትግል ብቻ ነው። ትግሉ ሲለቀው ራሱን እህቱ ክንድ ላይ ጣለ። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

አባቱ ተንበረከከና ብርጭቆውን ወደ አፉ አስጠጋ። «ትንሽ ብቻ፣ የኔ ጌታ። ጉሮሮህን ታርጥብልህ።»

«አልጠጣም» አለ ልጁ ዐይኑን ሳይገልጥ። «ተፈርዷል።»

እህቱ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቤተሰቡ ልጁን «ዳኛው» እያለ ነው የሚጠራው። አፉን የፈታው በክርክር ነው። ዳቦ ሲቆረስ የማን ቁራሽ እንደሚበልጥ የሚፈርደው፣ እናትና ልጅ ሲጨቃጨቁ ጠረጴዛውን በማንኪያ መትቶ «ፀጥታ!» የሚለው እሱ ነው። ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ በዚያ ቤት ይግባኝ የማይባልበት ሰው ሆኗል። አሁን ግን እናቱ የለችም። የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ወደ ሌላ ከተማ በተሻገረች ማግስት መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ተከትሎ ድምፁን አጠፋ። ከኮረብታው ማዶ ተኩስ ይሰማል፤ አንዳንድ ቀን ይርቃል፣ አንዳንድ ቀን ይቀርባል። መብራት የለም፤ ትምህርት ቤቱ የተፈናቃዮች ማደሪያ ሆኗል፤ ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ የተዘጋጀችበት ፈተናም ማንም «ተራዘመ» ሳይል እንዲሁ ቀርቷል።

የወንድሟ በሽታ ስም አልነበረውም። ትኩሳት የለው፣ ሽፍታ የለው። ጠዋት ጠዋት «ራሴን፣ ሆዴን» ይላል፤ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ እጅና እግሩ ይቀዘቅዝና ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ዕቃ ዝም ይላል። ጤና ጣቢያ ደሙን መርምረው ወባ የለበትም ብለው መለሱት። በሌላ ቀን ምናልባት ትላትል ይሆናል ተብሎ ሽሮፕ ተሰጠው። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ አንዱ ብርድ ነው ሲል ሌላው ውሃው ነው አለ፤ ሦስተኛው የተኩሱ ድንጋጤ ነው ብሎ ማለ። አባቱም ጎርፍ እንደወሰደው ሰው እጁ የነካውን ሁሉ ጨበጠ። ውሃውን አፈላ፣ አጣራ፣ ደግሞ አፈላ። የልጁን ልብስ ቀቀለ። ተኩሱ እንዳይሰማው ጆሮውን በጥጥ ደፈነለት። ራሱ እንቅልፍ ከተለየው ሰንብቶ ዐይኑ ጎድጉዷል፤ ሸሚዙን ገልብጦ እንደለበሰ ከተማውን ዞሮ ሲገባ እንኳ የነገረው ሰው አልነበረም።

«ወደ እትዬ ልውሰደው?» አለች ልጅቷ ሳፋውን እያነሣች።

«ውሰጂው። እኔ ውሃ ወረፋ ልያዝ።»

እትዬ የሚሏት ልብስ ሰፊ ጎረቤታቸው ከአሮጊት እናቷ ጋር ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። የስፌት መኪናዋን ከበረንዳዋ አታስገባም፤ ተኩስ እየተሰማም ፔዳሏን ትረግጣለች። «ጥይቱ ከፈለገኝ አድራሻዬን ያውቃል» ትላለች። ዳኛውን የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ አስቀመጠችው፤ ፀሐይ አገኘው፣ ነፋስ አገኘው። ለእናቷ ከደበቀችው ስኳር በማንኪያ ጫፍ ቆንጥራ ውሃ ውስጥ በጥብጣ አጠጣችው። እኩለ ቀን ላይ ልጁ ቀና አለ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማንኪያውን ተቀብሎ የመኪናውን እግር መታ።

«ፀጥታ!»

«ኧረ ጌታዬ፣ ዳኛ ፊት ማን ያወራል!» አለች ልብስ ሰፊዋ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «እኔ የማይገባኝ አንቺ፣ ይሄ ልጅ እኔ ዘንድ ሲውል ነፍስ ይዘራል። ጠዋት ከእናንተ ቤት ሲወጣ ሬሳ ነው። ቤታችሁ ምን አለ፣ ጅብ አስራችኋል?»

ልጅቷ ለመሳቅ ሞከረች። ጅብ አይደለም፤ እህል ነው።

ይህን ግን ለማንም፣ ከማንም በላይ ደግሞ ለዚህች ሴት እንዳትናገር ተነግሯታል። አባቷ የወፍጮ ቤቱ መጋዘን ጠባቂ ነው። መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ቆመ፤ ሰፈሩ፣ ልብስ ሰፊዋም ጭምር፣ ሊያስፈጨው ያመጣው እህል ግን መጋዘኑ ውስጥ ቀረ። የወፍጮው ባለቤት ቁልፉን «አደራ» ብሎ ለአባቷ ሰጥቶ ከተማውን ለቀቀ። ሱቆች መሰበር ሲጀምሩ አባቷ ጎሕ ሳይቀድ እሷን ቀስቅሶ በአንድ ጎማ ጋሪ ጆንያዎቹን ወደ ቤት አመላለሱ። ሁለቱም ወገባቸው እስኪቆረጥ ገፉ። ወዲያው የወፍጮ ቤቱ በር በእርግጥም ተሰበረ። ሰዉ መጥቶ ባዶውን መጋዘን አይቶ ሲያለቅስ አባቷ አብሮ አለቀሰ፤ «ዘረፉን» ሲሉት አንገቱን ነቀነቀ።

«ለምን አትነግራቸውም?» ብላው ነበር ያን ቀን። «የራሳቸው እህል አይደል?»

«አንድ ሰው ካወቀ ሰፈር ያውቃል። ሰፈር ካወቀ የታጠቀ ያውቃል» አላት። «ጊዜው ሲረጋ ለእያንዳንዱ በእጁ አስረክበዋለሁ። እስከዚያ አፍሽን በመርፌ ስፊው።»

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በየመንደሩ እየዞረች፣ ከቤተሰቡ ፍጆታ በላይ እህል የተገኘበት እህሉ እንደሚወረስ፣ ሰውየውም እንደሚታሰር ለፍፋለች። አባቷ የዳኛውን አልጋ ነቅሎ ወደ ጓሮ አወጣና ጆንያዎቹን በውስጠኛው ክፍል ግድግዳ ሥር ጎን ለጎን ደረደረ፤ ላያቸው ላይ ፍራሽ አነጠፈ። የጎበኘ ሰው አልጋ አየሁ ብሎ ነው የሚሄደው። ልጁ «ከፍ ያለ ወንበር» አገኘሁ ብሎ ደስ አለው።

የእነሱ ቤትም እንደማንኛውም ቤት ይራባል። አንድ ምሽት ልጅቷ ሆዷ እየጮኸ «አንድ ጣሳ ብቻ ቆልተን እንብላ፣ ማን ያውቃል?» ብትለው አባቷ የሰማውን ነገር ማመን እንዳቃተው ሁሉ አያት። «የሰው እህል ነው» አለ። እሷም ደግማ አልጠየቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ዳኛው እንደገና ሬሳ ሆኖ ነቃ። አባቷ አቅፎት ወደ ውጭኛው ክፍል ሲያወጣው ልጅቷ መጥረጊያ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። በረሮዎቹ ከሰሞኑ ጀርባቸው ላይ ተገልብጠው ነው የምታገኛቸው። ዛሬ ግን በጆንያዎቹና በግድግዳው መካከል መጥረጊያው አንድ ለስላሳ ነገር ነካ። ጎንበስ አለች። አይጥ ነው፤ ወፍራም አይጥ፣ ቁስል የለው፣ ደም የለው፣ እግሮቹን ዘርግቶ ተኝቷል። ከዚያ ጥግ የተበላሸ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ መጣባት። ሽታውን ታውቀዋለች፤ ለምዳው መሽተቱን አቁማ ነበር። ጎንበስ ብላ በቆየችበት ጊዜ ራሷን ወጋት፤ መስኮቱን ልትከፍት እጇን ሰደደች። መስኮቱ ግን በፕላስቲክ ተለብጦ፣ ዙሪያው በጨርቅ ተወትፏል።

አይጡን በቆሻሻ ማፈሻው ይዛ ወጣች። አባቷ አየና ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ የነበረ ፈገግታ ፊቱ ላይ ብቅ አለ።

«አየሽ፣ ሠርቷል! ነቀዙ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከትናንት በስቲያ እኮ ነው ክኒኑን የደገምኩበት።»

«የነቀዝ ክኒን?»

«አዎ። እህሉ ከገባ ጀምሮ በጨርቅ እየጠቀለልኩ በጆንያዎቹ መሐል ስሰገስገው ነበር። ያለዚያ እህሉን ነቀዝ ጨርሶት ለሰዎቹ ገለባ ላስረክብ ነው?»

ልጅቷ ማፈሻውን መሬት አስቀመጠች። «አባዬ፣ ወፍጮ ቤት ክኒን ስታደርጉ ምን ነበር የምታደርጉት?»

«ምን እናደርጋለን? ቅዳሜ ማታ አድርገን፣ ጥርቅም አድርገን ዘግተን እንሄዳለን። መድኃኒቱ ዝግ ቤት ይወዳል። ሰኞ በሩን በርግደን ነፋስ ካለፈበት በኋላ እንገባለን።»

«እኛ ግን አልሄድንም» አለች። ድምፅዋ ከራሷ ሸሸባት። «እሱ እኮ ላዩ ላይ ነው የሚተኛው።»

የአባቷ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። «አይጥ ሌላ፣ ሰው ሌላ። ስንት ዘመን በዚህ እጄ ስይዘው የኖርኩ ሰው ነኝ። እስኪ እዪኝ፤ ምን ሆንኩ?»

«አንተ ትልቅ ነህ። ደግሞ የምትተኛው ከኔ ጋር እዚህ ነው። እሱ እትዬ ዘንድ ሲውል ለምንድነው የሚሻለው?»

«እዚያ ነፋስ ስላለ ነዋ!»

«እሱን እኮ ነው የምልህ!»

«በቃ!» አለ አባቷ። «ችክ አትበይ! እኔ ለልጄ እንቅልፍ አጥቼ፣ አንቺ ደግሞ አባትሽ ነው የመረዘው ልትዪኝ ነው?»

ጩኸቱ ራሱን አስደነገጠው። ልጁን ወደ ደረቱ አጥብቆ ቆመ። ልጅቷ መልስ እያዘጋጀች ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ፤ በእጅ ሳይሆን በጠመንጃ ሰደፍ የተንኳኳ በር ድምፁ ይለያል።

አባቷ አሰበ ለማለት አይቻልም። እግሩ ነው ያሰበው። በሁለት እርምጃ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ ዳኛውን ፍራሹ ላይ አስተኛና አንሶላ አለበሰው።

የእህል ፍተሻ ነበር። ቀድሞ የገባው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ወጣት ጠባቂ ነው። ክፉ ሰው አይመስልም። «ይቅርታ ጋሼ፣ ትእዛዝ ነው» አለና ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ የማድጋውን ክዳን አነሣ፣ የውስጠኛውን ክፍል መጋረጃ ገለጠ። ፍራሹ ላይ ዐይኑ የገባ፣ ፊቱ ወረቀት የመሰለ ሕፃን ሲያይ እጁ መጋረጃው ላይ ቀረ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«አላወቅንም» አለ አባቷ። ይህ እውነት ነበር፤ ወይም አባቷ እውነት እንዲሆን አጥብቆ የሚፈልገው ነገር ነበር።

ጠባቂው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ። «ተላላፊ ይሆን እንዴ? … በሉ፣ ፈጣሪ ይማረው» አለ። ለጓደኞቹም «እዚህ ምንም የለም» ብሎ ጠራቸውና ወጡ።

የግቢው በር ሲዘጋ አባቷ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ትንፋሹን ለቀቀ። ልጅቷ ያን እፎይታ አየችው፤ አባቷም እንዳየችው አየ።

«ታመመልህ» አለች። አፏ ቀደማት። «ባይታመም ኖሮ ፍራሹን ያነሡት ነበር።»

አባቷ በሕይወቷ መትቷት አያውቅም፤ አሁንም አልመታትም። እሷ ግን የመታችው ያህል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «እንዲህ አትበይኝ» አለ። «እባክሽ፣ የኔ እናት፣ እንዲህ አትበይኝ።»

ምናልባት ያን ጊዜ ይነጋገሩ ነበር። ምናልባት ልጁን ወዲያው ያወጡት፣ መስኮቱንም ይከፍቱት ነበር። ነገር ግን ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድምፅ መጣ፤ ማልቀስም ማስመለስም ያልሆነ፣ ከተቀደደ ጎማ አየር እንደሚወጣ ያለ። ሲገቡ ዳኛው ደረቱ በፍጥነት ከፍ ዝቅ እያለ፣ ዐይኑ ወደ ላይ ተመልሶ ነጩ ብቻ ይታይ ነበር። እጁን ስትይዘው የክረምት ድንጋይ ነው።

አባቷ በባዶ እግሩ ተሸክሞት ሮጠ። ልጅቷ ጫማውን አንጠልጥላ ከኋላ ተከተለች። ልብስ ሰፊዋ ከበረንዳዋ አይታ «ወዬ! ወዬ ልጄን!» እያለች ያልተጨረሰ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ወደ መንገድ ወጣች። ታክሲ የለም፤ ነዳጅ የለም። አባቷ ሲደክም ልብስ ሰፊዋ ተቀበለችው፣ እሷ ሲደክማት ልጅቷ። ያገኙት ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። የተሸከሙት ልጅ ግን አንድ ጊዜ እንኳ «አውርዱኝ» አላለም።

ጤና ጣቢያው ከደጅ ጀምሮ ሞልቷል። ቁስለኞች ኮሪደሩ ላይ ተኝተዋል። ፍተሻውን ጨርሶ ውስጠኛው በር ላይ ጠመንጃውን አንግቶ የቆመውን ጠባቂ ልጅቷ በኮፍያው አወቀችው። እሱም አወቃቸው፤ ሕፃኑን ሲያይ ወረፋውን ገለል አድርጎ አስገባቸው።

ነርሷ ዐይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ደረቱን አዳመጠች፣ የዐይኑን ቆብ ገለጠች፣ ጥፍሩን ተጭና አየች።

«ምን በላ?»

«ሲስተር፣ ምን የሚበላ ነገር አለ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከኔ እጅ ስኳር ውሃ፣ በቃ።»

«የዋጠው ነገር አለ? መድኃኒት፣ በረኪና፣ ላምባ? ቤት ውስጥ መርዝነት ያለው ነገር ታስቀምጣላችሁ?» ነርሷ ይህን የጠየቀችው አባቱን ነው።

አባቷ አፉን ከፈተ። ልጅቷ ፊቱን እያየች ነበር። በሩ ላይ የቆመውን ጠባቂ አየ። አጠገቡ ቆማ የልጁን እግር በመዳፎቿ የምታሞቀውን፣ የራሷን እህል «ተዘረፈ» ብሎ ያስለቀሳትን ሴት አየ። ከዚያ ልጁን አየ፤ ልጅቷም በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ገባት። አባቷ የሚፈራው እስር ቤቱን ብቻ አልነበረም፤ የሰፈሩንም አፍ ብቻ አልነበረም። ነገሩ እሷ ያለችው ከሆነ፣ ልጁን በየማታው አቅፎ መርዝ ላይ ያስተኛው፣ አንሶላውን ያለበሰው የገዛ እጁ ነው። ያንን ማወቅ ከአቅሙ በላይ ነበር።

«ምንም» አለ አባቷ። «ምንም የለም።»

ነርሷ ተነፈሰች። «እንግዲያው ከምግብ እጥረትና ከድንጋጤ ነው የምለው። ግሉኮስ ልስጠው። አልጋ ግን የለኝም፣ እያያችሁት ነው። ቤት ወስዳችሁ አስተኙት። እንዳይበርደው በር መስኮቱን ዝጉለት።»

«እሺ» አለ አባቷ፤ እጁን ልጁን ለማንሣት ዘረጋ።

ልጅቷ ከአባቷ ክንድ በፊት ደረሰች። የወንድሟን ደረት በመዳፏ ተጫነች። አሁን የምትናገረው ቃል አባቷን ሰፈር ፊት ሌባ፣ ጠባቂው ፊት ወንጀለኛ እንደሚያደርገው ታውቃለች። ከተናገረች በኋላም መልሳ ልትውጠው አትችልም።

«ሲስተር» አለች። «ከሥሩ እህል አለ። የነቀዝ ክኒን ያለበት። ጆንያዎቹ ላይ ነው የሚተኛው፤ መስኮቱ ዝግ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ የልጁን እግር እንደያዘች ቀና አለች።

ነርሷ ያን የድካም ፊቷን በአንድ ጊዜ አወለቀችው። «ከመቼ ጀምሮ? ሽታ አለው? እናንተንስ ራሳችሁን ያማችኋል?» ልጅቷ ሁሉንም መለሰች፤ ዛሬ ያገኘችውን አይጥ፣ ከትናንት በስቲያ የተደገመውን ክኒን፣ ጠዋት የሚብስበትን፣ ውጭ ሲውል የሚሻለውን። ነርሷ እየሰማች ልጁን አቅፋ ወደ ተከፈተው መስኮት አዛወረች፤ ኦክስጅን እንዲመጣላት ጮኸች፤ ልብሱን በሙሉ አውልቃ ወደ ውጭ ወረወረች። «ማርከሻ የለውም» አለች፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «አየር ነው፤ ጊዜ ነው። ልቡን እየተከታተልን እንጠብቃለን። ወደዚያ ቤት ብትመልሱት ግን ነገ ይዛችሁት አትመጡም ነበር።»

አባቷ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻል ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ግን ገና ከአንዱ ቃል አልተላቀቀችም። «የምን እህል?» አለች። «የማን እህል ነው?» መልሱን ከአባትየው ፊት አነበበችው። «ተዘረፈ ብለኸኝ! መጋዘኑ ደጃፍ አብረኸኝ አልቅሰህ! እናቴ ስትራብ እያየህ… እኔ ለልጅህ ስኳር ስቆነጥር!»

«ልጠብቅልሽ ብዬ ነው» አለ አባቷ ከመሬት።

«ጠባቂ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ያስፈራል። «አደራ በላ አትልም!»

«አልበላም» አለች ልጅቷ። «እትዬ፣ አንድ እፍኝ አልነካንም። የጆንያዎን አፍ በቀይ ጨርቅ ነበር ያሰሩት፤ ራስዎ እንደቋጠሩት ነው። ለምኜው ነበር፤ ‹የሰው እህል ነው› ብሎ ከለከለኝ። የዋሸዎት እውነት ነው። ግን አልበላብዎትም።»

ልብስ ሰፊዋ አየቻት። ንዴቷ አልበረደም፤ ነገር ግን መቆሚያ ቦታ ያጣ ንዴት ሆነ። ትከሻዋ ላይ የነበረውን ያልተጨረሰ ቀሚስ አውርዳ፣ ራቁቱን የቀረውን ልጅ ሸፈነችው።

ጠባቂው ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ። ዛሬ ጠዋት ራሱ «እዚህ ምንም የለም» ብሎ መመስከሩን እያሰበ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል። «አንተ፣ ተነሥ» አለ። «ቤትህን ትከፍታለህ።»

አባቷ ሊነሣ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። በዚያው ቅጽበት ከመስኮቱ በኩል ነርሷ «አባቱ! አባቱ ይምጣና ይያዘው፣ ጭምብሉን እየነቀለብኝ ነው!» አለች።

ልጅቷ ወደ ጠባቂው ዞረች። ከመናገሯ በፊት ግን ብዙ ነገር አሰበች። እዚህ ብትቆይ የወንድሟን እጅ ይዛ ትቆያለች። ያን ትመኛለች። ነገር ግን ልጁ ሲነቃ የሚፈልገው አንድ ሰው አለ፤ ያም ሰው ከዚህ ክፍል አሁን ከወጣ፣ ምናልባት ለረጅም ጊዜ ላይመለስ ይችላል።

«ቤቱን እኔ አሳያችኋለሁ» አለች። «አባቴ ከልጁ ጋር ይቆይ።»

«አንቺ ምን አገባሽ? የተጠየቀው እሱ ነው።»

«ጆንያዎቹን አብሬው የገፋሁት እኔ ነኝ። የማን የቱ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱ የትም አይሄድም፤ ልጁ እዚህ ነው፤ ራስህ አየኸው እኮ።» የምትናገረው ለታጠቀ ሰው መሆኑን በመሐል አስታወሰች፤ ድምፅዋን ግን አልቀነሰችም። «ደግሞ ዝም ብላችሁ ብትገቡ እናንተም ትታመማላችሁ።»

«እኔም እሄዳለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ ዐይኗን እየጠረገች። «የሰፈሩንም ሰው እጠራለሁ። እህሉን የሚወርስ ካለ ባለቤቶቹ ፊት ይውረስ።»

ጠባቂው ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ መሬት አየ። «ይቆይ» አለ በመጨረሻ፤ ጣቱንም ወደ አባቷ ቀሰረ። «ለአንተ እመለሳለሁ።» እንደሚመለስ ሁሉም አወቀ።

አባቷ በግድግዳው እየተረዳ ተነሣና ልጁ አጠገብ ደረሰ። ልጅቷ ጫማውን እግሩ ሥር አኖረችለት። እንዲቆጣት ጠበቀች፤ እንዲያመሰግናት አልጠበቀችም። አንዱንም አላደረገም። እግሩን ጫማው ውስጥ እየከተተ «በሩን በርግደሽ ወደ ኋላ ሽሺ» አላት። «ነፋሱ ሳያልፍበት አትግቢ። ማንንም አታስገቢ።»

«እሺ አባዬ።»

ወጣች። ውጭ ቀኑ ተጋምሷል፤ ሰዉ ወደየጉዳዩ ይጣደፋል። ጠባቂው ከጎኗ፣ ልብስ ሰፊዋ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርታ፣ በየበሩ እየቆመች የምታውቀውን ሰው በስሙ ትጠራለች። የጤና ጣቢያውን አጥር ሳይጨርሱ ከተከፈተው መስኮት አንድ ለቅሶ ተሰማ። ደካማ ነው፤ ይቆራረጣል፤ ግን የተቆጣ ለቅሶ ነው፤ አፍንጫው ላይ የተደረገበትን ነገር የማይቀበል ሰው ለቅሶ። ከሥሩ የአባቷ ድምፅ ይሰማል፤ ምን እንደሚል አይለይም፣ ማባበሉ ብቻ ይለያል።

ልጅቷ ቆመች። እግሯ ሊመለስ ፈለገ።

ጠባቂው አያት። «ትመለሻለሽ?»

«አልመለስም» አለች፤ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድም ቀድማው ያዘች።